ናቹራል ወይስ ሶሻል? የመማር ጠባያችንና የድሬዳዋ መቶ ሃያ ዓመት

"ናቹራል ነሽ ሶሻል?"

ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ አሥራ አንደኛ ክፍልን ያለፈ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ፡፡ ጥያቄው ላይ ላዩን ስለ ትምህርት ምድብ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነገር አለ፡፡ ናቹራል የገባው "ጎበዝ"፣ ሶሻል የገባው "ሒሳብ የፈራ" ተደርጎ ይታያል፡፡ ቀጥሎ ትንቢቱ ይመጣል፡፡ ሬዲዮ ፈታቶ የገጠመው ልጅ "ይኼማ ኢንጂነር ነው" ይባላል፡፡ ክርክር የምትወደው "ጠበቃ ናት"፤ ሲሸመድድ ቢያድር የማይደክመው "ዶክተር"፤ ሱቅ ቁጭ ብሎ መልስ የማይሳሳተው "አካውንታንት"፡፡ እኛ ጋዜጠኝነት ያጠናነውም አልቀረልንም፤ "ድሮም ወሬ ትወዱ ነበር" ተብለን ነው የተሸኘነው፡፡

ከዚህ ሁሉ ቀልድ ጀርባ አንድ እምነት አለ፡፡ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የራሱ የመማሪያ መንገድ አለው፤ አንዱ በጆሮው፣ አንዱ በዓይኑ፣ ሌላው በእጁ ይማራል፤ ለእያንዳንዱም መንገድ የሚስማማ የትምህርት መስክ አለ የሚል እምነት፡፡ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፡፡ ግን ነው? ሰው በመማር ጠባዩ መስኩን ይመርጣል ወይስ መስኩ ነው ሰውየውን በራሱ ጠባይ የሚቀርጸው?

ጥያቄው ተራ የሻይ ቤት ክርክር አይደለም፡፡ በዚህች አገር ስንት ሰው "አንተ ለዚህ አልተፈጠርክም" ተብሎ የቀረበትን፣ ስንት ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ የተመደበበትን እናውቃለን፡፡ መልሱ የሰው ዕድሜ ላይ የሚወስን መልስ ነው፡፡

እኛ ለዚህ ጉዳይ ድሬዳዋን መርጠናል፡፡ ምክንያቱም ይህች ከተማ በመቶ ሃያ ዓመት ዕድሜዋ አገሪቱ የምታውቃቸውን የመማሪያ ዓይነቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም አይታለች፡፡ የቁርዓን ቤቱን፣ የአብነት ትምህርት ቤቱን፣ የፈረንጅ ቋንቋ ቤቱን፣ የባቡር ጥገና አቴሊየውን፣ ፕላዝማውን፣ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲውን፡፡ እስቲ በየተራ እንያቸው፡፡

ሉሕና መቋሚያ

ድሬዳዋ ከተማ ሳትሆን በፊት በአካባቢው ትምህርት አልነበረም ማለት አይደለም፡፡ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ሲወጣ ሐረር አለች፤ የቁርዓን ቤት ደግሞ ከሐረር ጋር አብሮ የኖረ ነው፡፡ በቁርዓን ቤት ልጁ ሉሕ ይይዛል፤ የእንጨት ሰሌዳ ነው፡፡ ሉሑ ላይ የተጻፈለትን አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየደጋገመ ይቀራል፡፡ ሲይዘው ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ አንቀጽ ይጻፍበታል፡፡ እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ነው፣ ጆሮው ዜማው ላይ ነው፣ እጁ ሰሌዳው ላይ ነው፣ አካሉ ከንባቡ ጋር ይወዛወዛል፡፡ ይህ ልጅ "በምኑ ነው የሚማረው?" ብትባሉ ምን ትላላችሁ?

ልጁ አድጎ ኪታብ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፡፡ ፊቅህ የሚማር ደረሳ ሕግን ከምክንያቱ ጋር እየለየ ይይዛል፡፡ ነህው የሚማረው የዐረብኛን ሰዋስው እየበለተ አረፍተ ነገር ይተነትናል፡፡ በወሎ አንዱ ሼህ በፊቅህ፣ ሌላው በነህው ስለሚታወቅ ደረሳው ስንቁን ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይጓዝ ነበር፡፡

በቤተ ክርስቲያኑም ያው ነው፡፡ ንባብ ቤት በፊደል ቆጠራ ተጀምሮ በዳዊት ያልቃል፤ እዚያ ልማዱ ድምፅና ድግግሞሽ ነው፡፡ ዜማ ቤት ጆሮ ነው፤ ድጓን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል፡፡ አቋቋም ደግሞ የአካል ትምህርት ነው፤ መቋሚያው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የእግሩ እርምጃ ከዜማው ጋር ካልተስማማ ተማሪው አልተማረም፡፡ ቅኔ ቤት ሲገባ ግን እስከዚያ የለመደው ሁሉ አይረዳውም፡፡ ቅኔ አይሸመደድም፡፡ የትናንቱን ዛሬ መድገም አይቻልም፤ በየቀኑ አዲስ መፍጠር ግድ ነው፡፡ ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ጉብታ ላይ ተቀምጦ፣ ሰሙን ከወርቁ እያጋጠመ ይቆጥራል፤ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ ያድጋል፤ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፡፡ ከቅኔ ቤት መጽሐፍ ቤት ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጠባይ ይጠብቀዋል፤ እዚያ አንድን ቃል "አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው" እያሉ በብዙ መንገድ መፍታት ነው ሥራው፡፡

ይህን ሁሉ ያነሳነው የድሮውን ለማወደስ አይደለም፡፡ ችግሩንም እናውቃለን፤ የቆሎ ተማሪውን ረሃብ፣ አለንጋውን፣ ሴት ልጅ ከበሩ ውጭ መቅረቷን፡፡ ነጥባችን ሌላ ነው፡፡ እያንዳንዱ መስክ የራሱ የመማሪያ ጠባይ ነበረው፡፡ ዜማ ጆሮን፣ አቋቋም አካልን፣ ቅኔ ብቻን መሆንን፣ ትርጓሜ ማመዛዘንን ይጠይቃል፡፡ ሆኖም በአራቱም ቤት ያለፈው ያው አንዱ ተማሪ ነው! ዜማ ቤት ሳለ "የጆሮ ተማሪ" ነበረ፤ ቅኔ ቤት ሲገባ "የሐሳብ ተማሪ" ሆነ፡፡ ተፈጥሮው አልተቀየረም፤ ቤቱ ነው የቀየረው፡፡ ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን፡፡

ሸመንደፈር የከፈተው ትምህርት ቤት

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለስዊዙ ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ ሰጡ፡፡ ሐሳቡ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪም ውድም ሆነ፡፡ ስለዚህ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ አጠገብ ቆመ፤ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ማለት ነው፡፡ ያ ቦታ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ ነው፡፡ አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቆይታ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው፡፡ (የድሬ ልጅ ይህንን ለአዲስ አበባ ልጅ መንገር ለምን እንደሚወድ አሁን ገባችሁ?)

ባቡሩ ሰው ብቻ አላመጣም፤ አዲስ የመማሪያ ዓይነትም ይዞ መጣ፡፡ የመስመሩ ትልቁ የጥገና ቦታ፣ አቴሊየው፣ ድሬዳዋ ነበር፡፡ ሎኮሞቲቭ ይፈታል፤ ይገጠማል፤ ፉርጎ ይጠገናል፤ የጎደለ ዕቃ ይቀረጻል፡፡ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው፡፡ ስለዚህ ድሬ ውስጥ ፈረንሳይኛ የመጽሐፍ ቋንቋ ከመሆኑ በፊት የብሎንና የመዶሻ ቋንቋ ነበር ብንል አልተጋነነም፡፡ "ሸመንደፈር" እና "ለገሃር" የሚሉትን ቃላት ሳናውቀው የወረስነው ከዚያ ነው፡፡ ፈረንሳይኛውን በደብተር መማር ለፈለገ ደግሞ የካቶሊክ ሚሲዮኑና አሊያንስ ፍራንሴዝ ነበሩለት፡፡

በአቴሊየው እውቀት በሰሌዳ አይሰጥም፡፡ ለማጁ ከባለሙያው አጠገብ ይቆማል፤ ያያል፣ ያቀብላል፣ ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይገሠጻል፣ በመጨረሻ ብቻውን ይሠራል፡፡ ጥሩ መካኒክ ማሽኑ ሲንቀሳቀስ በድምፁ ብቻ ችግሩ የት እንዳለ ይለያል፡፡ እንግዲህ ይህ የጆሮ ነው የእጅ? ሁለቱም ነው፡፡

አሁን ጥያቄያችንን እናንሳ፡፡ አቴሊየው የገቡት ልጆች "የእጅ ተማሪ" ሆነው ስለተፈጠሩ ነበር የገቡት? በጭራሽ፡፡ የገቡት ባቡሩ ደጃቸው ስለቆመ፣ አባት ወይም አጎት የሸመንደፈር ሠራተኛ ስለሆነ፣ ደመወዙ ስለሚያስመካ ነው፡፡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የተወለደው ልጅ ፍየል ይጠብቅ ነበር፡፡ ቁርዓን በሉሕ የጀመረው ልጅና ዳዊት የደገመው ልጅ አንድ አቴሊየ ውስጥ ቢገናኙ፣ ጥቂት ዓመት ቆይተው ሁለቱም በእጃቸው የሚያስቡ ሰዎች ይሆናሉ፡፡

ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ስንገባ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ ቀፊራ ገበያ፡፡ እዚያ ዲፕሎማ የለም፡፡ ግን አንዲት አትክልት ነጋዴ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማልኛ፣ ለሦስተኛው በአማርኛ ዋጋ ስትጠራ መስማት ብርቅ አይደለም፤ ሐረሪና ዐረብኛ የሚጨምሩም አሉ፡፡ ይህች ሴት ሰዋስው አልተማረችም፡፡ በጆሮዋ፣ በድርድር፣ በኪሳራና በትርፍ ተማረች፡፡ "ቋንቋ ተሰጥኦ ነው" የሚሉ ሰዎች ቀፊራን ቢያዩ፣ ሠፈሩ ሁሉ እንዴት አንድ ላይ ተሰጥኦ እንደተሰጠው ማስረዳት ይቸግራቸዋል፡፡

ሴቶችን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር፡፡ "ሴት ለማሽን አትሆንም" የሚለው አባባል ድሬዳዋ ላይ አይሠራም፡፡ የከተማዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትልና ሽመና ላይ የቆሙት እጆች ብዙዎቹ የሴቶች ነበሩ፡፡ ማሽን አጠገብ ተቀጥረው ሲሠሩ ማንም "የእጅ ተማሪ አይደላችሁም" አላላቸውም፡፡ ነገሩ የመጣው ሴት ልጅ ኢንጂነሪንግ ልማር ስትል ነው፡፡ እንዲህ ስናየው "የመማር ጠባይ" የሚለው ቃል አንዳንዴ ለሌላ ነገር መሸፈኛ ይሆናል ማለት ነው፡፡

ደንገጎን ወጥቶ አለማያ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ጥምዝምዝ መንገድ ወጥቶ ወደ ሐረር ሲኬድ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ይገኛል፡፡ ድሮ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ነበር፡፡ በ1944 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ ባደረጉት ስምምነት፣ በኦክላሆማ የእርሻና መካኒክስ ኮሌጅ አጋዥነት የተቋቋመ ሲሆን፣ ጥር 1950 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መርቀው ከፍተውታል፡፡

አለማያ ለታሪካችን የሚጠቅመን ይዞት በመጣው የማስተማሪያ ዘዴ ነው፡፡ አሜሪካኖቹ ከአገራቸው ያመጡት ልማድ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ያያይዛል፤ ማስተማር፣ ምርምር ማድረግ፣ የተገኘውን ወደ ገበሬው ማድረስ፡፡ ተማሪው ክፍል ውስጥ ስለ አፈር ይማራል፤ ከዚያ ወጥቶ አፈሩን ይቆፍራል፡፡ ስለ ወተት ላም ያነብባል፤ ከዚያ በረት ይገባል፡፡ በዚያው ዘመን አብዛኛው ትምህርት ቤት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ገልብጦ ለፈተና የሚይዝበት ነበር፡፡ እዚያ አድጎ አለማያ የገባ ተማሪ ጠባዩን መቀየር ግዴታው ነበር፡፡ ደግሞም ልጁን ከእርሻ ይላቀቅልን ብሎ ትምህርት ቤት የላከ የገጠር ቤተሰብ፣ ልጁ ኮሌጅ ገብቶ መልሶ በረት ሲጠርግ ቢያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም፡፡ ኮሌጁ ግን ተመራቂዎቹን አወጣ፤ የአገሪቱ የእርሻ ምርምርና ኤክስቴንሽን ለብዙ ዘመን የቆመው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው፡፡ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከዚያም ከእርሻ ውጭ ያሉ መስኮች ተጨመሩበት፡፡

ስለዚህ እስካሁን ባየነው ታሪክ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ይደጋገማል፡፡ ሰው ወደ መስኩ የሚገባው በአጋጣሚ፣ በቤተሰብ፣ በመንግሥት ፍላጎት ወይም በኑሮ ነው፤ ከገባ በኋላ መስኩ የራሱን ጠባይ ያስተምረዋል፡፡

ፈረንጆቹስ ምን አሉ?

ይህንን ጥያቄ በጥናት ከጠየቁት ውስጥ ታዋቂው አሜሪካዊው ዴቪድ ኮልብ ነው፡፡ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመማር ጠባይን የሚለካ መጠይቅ አዘጋጀ፡፡ ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፡፡ ሰው አንድ ነገር ያጋጥመዋል፤ ያጋጠመውን መለስ ብሎ ያስተውላል፤ ካስተዋለው አጠቃላይ ሐሳብ ያወጣል፤ ሐሳቡን በተግባር ይሞክራል፤ ከዚያ ዙሩ እንደገና ይጀምራል፡፡ ሁላችንም በዙሩ እናልፋለን፤ ግን እያንዳንዳችን የሚቀናን ቦታ አለ፡፡

ከዚያ ኮልብ 800 ገደማ የሥራ ኃላፊዎችንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን መጠይቁን አስሞላና ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳጠኑ አመሳከረ፡፡ ውጤቱ ደስ የሚል ሥዕል ሰጠ፡፡ ቢዝነስ ያጠኑት መሞከርና መሥራት የሚቀናቸው ሆኑ፡፡ ኢንጂነሮቹ ሐሳብን ይዘው ወደ ተግባር የሚሮጡ፡፡ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ልቡና ያጠኑት ነገርን ከብዙ አቅጣጫ የሚያስተውሉ፡፡ የሒሳብና የኬሚስትሪ ሰዎች ደግሞ ሐሳብ መገንባት የሚወድዱ፡፡ ስለዚህ በመማር ጠባይና በትምህርት መስክ መካከል ዝምድና አለ፤ የሠፈር ትንቢተኞቻችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፡፡

ነገር ግን ዝምድናው መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ማን ማንን እንደወለደ ማወቅ ሌላ ነው፡፡ ኮልብ ራሱ በሁለቱም በኩል ይሄዳል ብሏል፡፡ ሰው ወደሚስማማው መስክ ያደላል፤ መስኩም ዓመት በዓመት ወደ ራሱ ጠባይ ይስበዋል፡፡ ደግሞ እነዚያ 800 ሰዎች የተለኩት አጥንተው ከጨረሱ በኋላ ነው፡፡ ኢንጂነሪንግ ተምሮ የጨረሰን ሰው እንደ ኢንጂነር ሲያስብ ብናገኘው ብዙ የሚገርም አይደለም!

ከኮልብ በኋላ ነገሩ ገበያ ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1992 የኒው ዚላንዱ ኒል ፍሌሚንግ "በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በመሥራት" የሚለውን አራት ክፍል ያለው መጠይቅ ይዞ መጣ፤ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ የምንሞላት "አንተ የምን ዓይነት ተማሪ ነህ?" የምትለዋ መጠይቅ የእሷ ዘመድ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ ፍራንክ ኮፊልድና ባልደረቦቹ ሲቆጥሩ 71 ዓይነት የመማር ጠባይ አከፋፈል አገኙ፡፡ ሰባ አንድ! ሰው በምን እንደሚማር በእርግጥ ቢታወቅ ኖሮ ሰባ አንድ ባላስፈለገ፡፡

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሃሮልድ ፓሽለር ከሦስት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ቁልፉን ጥያቄ ጠየቀ፡፡ ለ"ማየት ተማሪ" በሥዕል፣ ለ"መስማት ተማሪ" በንግግር ቢያስተምሩት በእርግጥ የተሻለ ይማራል? ይህን ለማረጋገጥ የሁለቱንም ዓይነት ተማሪዎች በዕጣ ለሁለቱም ዘዴዎች ማከፋፈልና አንድ ዓይነት ፈተና መስጠት ያስፈልጋል፡፡ እንዲህ ተደርገው የተሠሩ ጥናቶች በጣም ጥቂት ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚያም በርከት ያሉት እምነቱን የሚቃወሙ ነበሩ፡፡ ሰው ምርጫ አለው፤ በሥዕል መማር የሚያስደስተው አለ፡፡ ግን የሚያስደስተው የበለጠ የሚያስተምረው ነው የሚለው አልተረጋገጠም፡፡ ይልቅ የሚሻለው ትምህርቱ የሚፈልገውን መንገድ መከተል ነው፤ ካርታን ማንም ቢሆን በዓይኑ፣ የቋንቋ ድምፅንም ማንም ቢሆን በጆሮው ነው የሚማረው፡፡

ዜማ ቤትና ቅኔ ቤትን አስታወሳችሁ? የኔታ ይህን ያውቁ ነበር፡፡ ተማሪውን "አንተ የጆሮ ነህ፣ ቅኔ ይቅርብህ" አይሉትም፡፡ ቅኔ በሚፈልገው መንገድ ቅኔን ያስተምሩታል፡፡

ፕላዝማና ሰባ ሠላሳ

አሁን ወደ እኛ ትውልድ እንምጣ፡፡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው፡፡ አሥረኛ ላይ ፈተና ነበር፤ ያለፈ መሰናዶ ይገባ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር፡፡ መሰናዶ የገባው ናቹራል ወይም ሶሻል ይል ነበር፡፡ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመት!

የዚህ አሠራር ትልቁ ጉዳት ብዙም የማይወራለት ነው፡፡ ቴክኒክና ሙያ "ለወደቁት" ተደረገ፡፡ በድሬዳዋ ታሪክ የእጅ ሙያ መኩሪያ ነበር፤ የሸመንደፈር መካኒክ በሠፈሩ የሚከበር ሰው ነበር፡፡ በእኛ ዘመን ግን እጅ ለወደቀ፣ ጭንቅላት ላለፈ ሆነ፡፡ በእጁ መማር የሚወድ ጎበዝ ልጅ ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ከእጅ ትምህርት ራቀ፡፡

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ፕላዝማ መጣ፡፡ ሒሳቡም ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገሪቱ በአንድ ሰዓት፡፡ መምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትሰጠዋለች፤ በተረፈ ባለቤቷ ቴሌቪዥኗ ናት፡፡ የፕላዝማዋ አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ "በጣም ጥሩ!" ትላለች፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አፉን ሳይከፍት፡፡ መብራት ከጠፋ ትምህርቱም ጠፋ፡፡ ፕላዝማ በሥዕል የማይታይ ሙከራ አሳይቶናል፤ ያንን አንክድም፡፡ ግን እጅ ማውጣት፣ "አልገባኝም" ማለት፣ መሞከርና መሳሳት በፕላዝማ አይቻልም፡፡

በ1999 ዓ.ም. ድሬዳዋ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች፤ በዚያ ዘመን ከተከፈቱት አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፡፡ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የ70/30 አሠራር መተግበር ጀመረ፤ ከመቶ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ፡፡ አገሪቱ ኢንጂነር ትፈልጋለች ተባለ፤ ልክም ነበር፡፡ ግን ቁጥሩ ቤተ ሙከራውን ጥሎት ሮጠ፡፡ በዚሁ ሰሞን፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ አሮጌው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን አቆመ፡፡ ታሪክ እንዲህ ይቀልዳል፡፡ መቶ ዓመት ሙሉ የእጅ ሙያን በእጅ ያስተማረች ከተማ ባቡሯ ሲቆም፣ ኢንጂነሪንግን በሌክቸርና በፎቶ ኮፒ ሃንድአውት መማር ጀመረች፡፡ የኢንጂነሪንግ ተማሪ አንድ ሴሚስተር ወደ ፋብሪካ እንዲወጣ መደረጉ ጥሩ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ሴሚስተር የአቴሊየውን ዓመታት አይተካም፡፡

ምደባውስ? ተማሪው ምርጫውን በቅጽ ይሞላል፤ ውጤቱና ኮታው ይወስናሉ፡፡ ሕግ ያለ ታሪክ፣ ኮምፒውተር ያለ እርሻ የደረሰው ስንቱ ነው! የኮልብ አሜሪካውያን ቢያንስ መስካቸውን ራሳቸው መርጠው ነበር፡፡ የእኛን አገር ተማሪ መጠይቅ አስሞልቶ "ጠባዩ ከመስኩ ጋር ይስማማል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ትርጉም የሚኖረው መጀመሪያ "የመረጠው ማነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ነው፡፡

ጥሩ ዜናም አለ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል፤ ተማሪው መስክ ከመያዙ በፊት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፡፡ መጥፎው ዜና ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ታየ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ይህን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ "በጠባዩ ምክንያት" አይወድቅም፡፡ ናቹራሉም ሶሻሉም፣ የጆሮውም የዓይኑም አብሮ ነው የወደቀው፡፡ የሚጠየቀው ልጁ ሳይሆን ትምህርቱ ነው፡፡

ታዲያ ምን ይጠበስ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ እኛ የምንወስደው ይህን ነው፡፡

አንደኛ፣ "እኔ የዚህ ዓይነት ተማሪ ነኝ" ብለን በር አንዝጋ፡፡ ከኢንተርኔት የተሞላ መጠይቅ ዕድሜ ልክ የሚሠራ መታወቂያ አይደለም፡፡ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይሠራል፣ ይፈርሳል፡፡

ሁለተኛ፣ መስክ ስንመርጥ "ለዚህ ተፈጥሬያለሁ ወይ?" ከማለት ይልቅ "ይህ ነገር የሚለመደው እንዴት ነው? ያንን ለመልመድ ፈቃደኛ ነኝ ወይ?" ብንል ይሻላል፡፡ ሕግ ብዙ ማንበብ ነው፡፡ ነርስነት ሰው አጠገብ መቆም ነው፡፡ ፕሮግራሚንግ መሳሳትና ማረም ነው፡፡ ጋዜጠኝነት መጠየቅና ማረጋገጥ ነው፤ ወሬ መውደድ ብቻውን አያደርስም፤ ይህን እንኳ በደንብ እናውቃለን፡፡

ሦስተኛ፣ ሳትመርጡ ለተመደባችሁ፡፡ ቅሬታችሁ ተገቢ ነው፤ ምርጫችሁን የነጠቃችሁን አሠራር አመስግኑ አንላችሁም፡፡ ነገር ግን "አእምሮዬ ለዚህ አልተሠራም" የሚለውን ሁለተኛ ቅጣት በራሳችሁ ላይ አትጨምሩ፡፡ የአቴሊየው ለማጆችም፣ የአለማያ ተማሪዎችም፣ የቀፊራ ነጋዴዎችም ለሥራቸው ተለክተው አልተፈጠሩም፤ ሥራው ነው ያስተማራቸው፡፡ ያስተማራቸው ግን የሚያሳያቸው ሰው፣ የሚነኩት ዕቃ፣ የሚሞክሩበት ጊዜ ስለነበራቸው ነው፡፡

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ከተማሪው ወደ ሚያስተምረው የሚሻገረው፡፡ ወርክሾፕ ለሌለው ዲፓርትመንት ተማሪ መድቦ "ዝንባሌ የለውም" ማለት አይቻልም፡፡ ድሬዳዋ ዛሬ ከከተማው ወጣ ብሎ የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፍባታል፤ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ አሮጌው አቴሊየም ከነማሽኖቹ አለ፡፡ እነዚህ ሦስቱ መነጋገር ቢችሉ የድሬ ልጅ ኢንጂነሪንግን እንደ አያቱ በእጁ፣ እንደ ዘመኑ ደግሞ በሒሳቡ ይማር ነበር፡፡

እስቲ እናንተም አባትና እናታችሁን፣ አጎትና አክስታችሁን ጠይቁልን፡፡ ሥራቸውን ማን መረጠላቸው? እንዴትስ ለመዱት? ድሬ ያላችሁ ደግሞ የሸመንደፈር ጡረተኛ ሠፈራችሁ ውስጥ አይጠፋምና ሻይ ጋብዛችሁ አስወሩት፡፡ ከመጠይቁ የበለጠ ታተርፋላችሁ፡፡